የመጀመሪያ ሥዕሌን ገዛሁ፣ አሁን ኮሪደር ላይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆሟል

ባዶ ግድግዳ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥዕል ማየት እወዳለሁ እንጂ ገዝቼ አላውቅም ነበር። ባለፈው ወር ጓደኛዬን አጅቤ የአንድ ወጣት ሠዓሊ ስቱዲዮ ሄጄ፣ ማንም ግዛ ሳይለኝ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕል ተሸክሜ ወጣሁ። አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታ መስኮት ስትዘጋ ነው። ፊቷ አይታይም፣ ግን እጇን ስታዩት እንደደከማት ታውቃላችሁ። ቤት ሳስገባው ባለቤቴ ትንሽ አየችውና «ሶፋው እኮ ቡናማ ነው» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥዕሉ ኮሪደር ላይ እንደተቀጣ ተማሪ ፊቱን አዙሮ ቆሟል።

ጥያቄዬ፦ ሥዕል የግድ ከቤት ዕቃ ጋር መሄድ አለበት? የትና እንዴት ነው የሚሰቀለው? ደግሞ እውነቱን ልናገርና ሁለተኛ መግዛት አምሮኛል። ገንዘብ የተረፈኝ ሰው አይደለሁም። ይሄ ነገር በሽታ ነው እንዴ?

ሚስማር ይዤ፦
በመጀመሪያ ከኮሪደሩ አንሳው። ሰው የሚያልፍበት ቦታ ላይ የተደገፈ ሸራ አንድ ቀን ክርን ወይም የወንበር ጫፍ ይገባበታል፣ ከዚያ ጉብ ያለውን ለማስተካከል ከሥዕሉ ዋጋ በላይ ልትጠየቅ ትችላለህ። ፍሬም በመሥራት ነው የምተዳደረው፣ ብዙ አይቻለሁ።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ከፍታ ላይ ነው። ጣራ ሥር ይሰቅሉታል፣ ከዚያ አንገት እያመመህ ነው የምታየው። የሥዕሉ መሀል ከወለሉ 145 እስከ 155 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢውል ቆሞ ለሚያይ ዓይን ልክ ይመጣል። ከሶፋ በላይ ከሆነ ደግሞ ከመደገፊያው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ አድርገው፣ አለዚያ ሥዕሉና ሶፋው የተኳረፉ ይመስላሉ። ለከበድ ያለ ሥዕል አንድ ሚስማር አትመን፣ ሁለት ተራርቀው ይመቱ። እንዲያ ከሆነ በር በተዘጋ ቁጥር አይዘምም። ቀዝቃዛ የውጭ ግድግዳ ከሆነም ከፍሬሙ ጀርባ ታችኛው ሁለት ማዕዘን ላይ ትንንሽ የቡሽ ቁራጭ ለጥፍ። አየር ካላለፈ እርጥበት ይይዛል፣ እርጥበት ከያዘ ሻጋታ ነው። ምድጃ ወይም ማሞቂያ ካለበት በላይ አትሞክረው።

ቦታው ካልታየህ በሥዕሉ ልክ ጋዜጣ ቆርጠህ ግድግዳው ላይ ለጥፍና ሦስት ቀን ኑርበት። ግድግዳ ሳትበሳ ታውቀዋለህ።

ሶፋው? ሶፋ ያረጃል፣ ትቀይረዋለህ። እንግዲህ ለሚቀየር ዕቃ ብለህ የወደድከውን ሥዕል ልትተው ነው?

የደበዘዘው፦
ከፍታውን ተወውና ብርሃኑን አስብ። የኔን ስማና ተማርበት።

አንድ የውሃ ቀለም ሥዕል ነበረኝ፣ ሮዝና ሐምራዊ አበቦች። «ብርሃን ያድምቀው» ብዬ ትልቁ መስኮት ፊት ለፊት ሰቀልኩት። በየቀኑ ስለማየው ምንም የተለወጠ ነገር አልታየኝም፣ ችግሩም እሱ ነው። ከዓመታት በኋላ መስተዋቱ ተሰንጥቆ ፍሬሙን ስፈታው፣ ዙሪያውን የከበበው ካርቶን ሸፍኖት የነበረው ጠርዝ ላይ የጣት ስፋት ያህል ደማቅ ሮዝ ወጣ። መሀሉ ግን ሻይ የፈሰሰበት ወረቀት መስሏል። ለካ ያን ሁሉ ጊዜ የማየው የሥዕሉን ጥላ ኖሯል። ያቺን ቀጭን መስመር ሳያት አለቀስኩ ብልህ አላጋነንኩም።

ብርሃን ያደረሰው ጉዳት እየተጠራቀመ ይሄዳል እንጂ አይመለስም። ሙዚየሞች በወረቀት ላይ ለተሠሩ ሥራዎች 50 ለክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ፣ ለዘይት ቀለም ደግሞ 200 ገደማ ብርሃን ነው የሚፈቅዱት። ቀጥተኛ ፀሐይ እስከ 100,000 ለክስ ይደርሳል፣ አስበው። አልትራቫዮሌትን፣ ማለትም ዓይን የማያየውን ጨረር፣ የሚከለክል መስተዋት ይረዳል፣ ግን ዓይናችን የሚያየው ብርሃንም ራሱ ያደበዝዛል። ያንተ የዘይት ቀለም ስለሆነ ከኔው ይሻላል። ቢሆንም ፀሐይ በማይመታው ግድግዳ ላይ አድርገው።

ባዶ ግድግዳ፦
እግዚኦ። ልሰቅለው ያሰብኩት እኮ መስኮቱ ፊት ለፊት ነበር! «መስኮት ለመስኮት» ብዬ ተደስቼ። አቧራውንስ እንዴት ላድርገው? በእርጥብ ጨርቅ ጠረግ ጠረግ ይበቃል?

ሚስማር ይዤ፦
ኧረ በፈጣሪ! እርጥብ ጨርቅ እንዳታስጠጋው፣ በዳቦ ወይም በድንች ጥረገው ሲሉህም እንዳትሰማ። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ በጣም ቀስ ብለህ፣ በቃ። ቀለሙ ተነስቶ የሚረግፍበት ቦታ ካየህ ብሩሹንም ተወውና ለባለሙያ አሳይ። ደግሞ ሠዓሊውን መቼ እንደጨረሰው ጠይቀው። የዘይት ቀለም ሲነኩት የደረቀ ቢመስልም ውስጡ ጊዜ ይወስዳል፣ ቀለሙን የሚሸፍነው የመጨረሻው ቫርኒሽ ብዙ ጊዜ ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ተጠብቆ ነው የሚቀባው። አዲስ ሥዕል በፕላስቲክ ጠቅልለህ ካስቀመጥክ ፕላስቲኩ ፊቱ ላይ ማኅተሙን ትቶ ነው የሚነሳው።

ስድስተኛዋ፦
«በሽታ ነው እንዴ» ላልከው፣ አዎ። እኔ ስድስተኛዬ ላይ ነኝ።

ገንዘብ ከሌለህ ግን ተስፋ አትቁረጥ። ኒው ዮርክ ውስጥ ኸርበርትና ዶሮቲ ቮገል የሚባሉ ባልና ሚስት ነበሩ። እሱ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ይለይ ነበር፣ እሷ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ። በእሷ ደመወዝ ይኖራሉ፣ በእሱ ደመወዝ ሥዕል ይገዛሉ። ሕጋቸው ሁለት ነበር፦ አቅማችን ይቻለው፣ ቤታችን ይግባ። ቤቱ ደግሞ አንድ መኝታ ክፍል ብቻ፣ ያውም ከድመቶቻቸውና ከኤሊዎቻቸው ጋር። ስብስባቸው በመጨረሻ ከ4,000 ሥራዎች በላይ ሆነ። እነሱ ግን ሸጠው ከመክበር ይልቅ በ1992 ዋሽንግተን ላለው ብሔራዊ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ለመስጠት ተስማሙ። እኔ እንደነሱ አልሆንም፣ ሰው የሚተኛበት ቦታ ያስፈልገዋል።

የኔ ዘዴ እንዲህ ነው። ወረቀት ላይ የተሠሩ ንድፎችንና ቁጥር ያላቸውን ሕትመቶች ፈልግ። ጥግ ላይ በእርሳስ 7/30 ተብሎ ከተጻፈ ከ30 ቅጂዎች ሰባተኛው ማለት ነው፣ ሠዓሊው ፈርሞበት ከሆነ ሥራዬ ነው ብሎ ተቀብሎታል ማለት ነው፣ ከሸራ ሥዕል ግን በጣም ይረክሳል። ከሠዓሊው በቀጥታ ስትገዛ «በሁለት በሦስት ጊዜ ልክፈል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም፣ ብዙዎቹ እሺ ይላሉ። ያየኸውን በዕለቱ አትግዛ፣ ሂድና ተኛበት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዓይንህን ጨፍነህ ግማሹ ከታየህ ተመለስ።

ደረሰኝ ያዝ። የሥዕሉ ርእስ፣ ዓመቱ፣ መጠኑ፣ በምን እንደተሠራ፣ ፊርማው ይጻፍበት። የጀርባውንም ፎቶ አንሳ፣ ጀርባ ብዙ ያወራል። ሸራውን ገዛሁ ብለህ ግን ምስሉን ቲሸርት ላይ እንዳታትም፣ የማባዛት መብቱ አሳልፎ ካልሰጠህ በስተቀር የሠዓሊው ነው።

እንደው ልጠይቅ፦
ዋጋው ይጨምር ይሆን? እንደ ቁጠባ ቢታይስ?

ስድስተኛዋ፦
አብዛኛው አይጨምርም። ትርፍ ከፈለግህ ሌላ ቦታ ሂድ።

ባዶ ግድግዳ፦
ተመለስኩ። ጋዜጣውን ቆርጬ ሦስት ቦታ ለጠፍኩ፣ ልጆቹ ሳቁብኝ። በመጨረሻ ምግብ የምንበላበት ክፍል ውስጥ፣ ፀሐይ የማያገኘው ግድግዳ ላይ ሁለት ሚስማር መትቼ ሰቀልኩት፣ ቡሹም ገብቷል። ባለቤቴ አራት ቀን ሙሉ አንድ ነገር አላለችም። ትናንት ማታ ሳህን እያነሳች ቆም አለችና «ወደ ግራ ዘንበል ብላለች» አለችኝ።

ብሏል አላለችም፣ ብላለች።