አምሎዲፒን የእናቴን የበሽታ መከላከል አቅም ያዳክምባታል?

ህሊና (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ፋርማሲ ሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። እናቴ የደም ግፊት አለባት፣ አምሎዲፒን 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ትወስዳለች። ሰሞኑን ኢሚውኖሎጂ (የበሽታ መከላከል ትምህርት) ስንማር ቲ ሴል የተባለው በሽታ ተከላካይ ነጭ የደም ሴል ካልሲየም በቻናል፣ ማለትም በሽፋኑ ላይ ባለ በር፣ ካልገባለት አይነቃም ተባልን። አምሎዲፒን ደግሞ የካልሲየም ቻናል ዘጊ ነው! እማዬን በዚህ ክረምት ጉንፋን ደጋግሞ ይዟታል። ማታ ማታ ደግሞ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቷ ያብጣል፣ በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቆያል። ነገሩ ይገናኛል? መድኃኒቱን ታቁም? ጎረቤታችን የካልሲየም ክኒን ጀምሪ ብላታለች። የምታውቁ እባካችሁ።

ሲስተር አልማዝ
የኔ እህት፣ ሐኪሟ ሳያውቅ መድኃኒቱን እንዳታስቆሚያት። ግፊት ምልክት ሳያሳይ ወጥቶ ስትሮክ ያመጣል። ጠዋትና ማታ ለኪያትና ቁጥሩን ከነቀኑ ጻፊው። የቲ ሴሉን ነገር የሚያውቁት ይመልሱልሽ።

በረከት (ኢሚውኖሎጂ፣ ፒኤችዲ ተማሪ)
ህሊና፣ ስጋትሽ ይገባኛል፤ ግን የካልሲየም ቻናል ብዙ ዓይነት ነው። አምሎዲፒን የሚዘጋው ኤል-ታይፕ የሚባለውን ነው። እሱ በደም ሥር ግድግዳ ጡንቻና በልብ ላይ ይገኛል፣ የሚከፈተውም በሴሉ ሽፋን ላይ ያለው ቮልቴጅ ሲለወጥ ነው። ቲ ሴል ሲነቃ ዋናውን ካልሲየም የሚያስገባው ክራክ የተባለው ቻናል ነው። እሱን የሚከፍተው ቮልቴጅ ሳይሆን የሴሉ የውስጥ መጋዘን መጉደሉ ነው።

ሂደቱ እንዲህ ነው። ቲ ሴሉ የባዕድ ፕሮቲን ቁራጭ ሲያገኝ ፒኤልሲ ጋማ 1 የተባለው ኢንዛይም ተነስቶ አይፒ 3 የተባለ መልእክተኛ ሞለኪውል ያመነጫል። አይፒ 3 በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም፣ ማለትም ባልኩሽ የውስጥ መጋዘን፣ የተቀመጠውን ካልሲየም ያስለቅቃል። ይሄ ጥቂት ነው፣ ቶሎም ያልቃል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ቀጥሎ የሚሆነው ነው፦ ስቲም 1 የተባለው ፕሮቲን አንድ ጫፉ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ስለሆነ ጉድለቱን ያውቃል። ወዲያው እርስ በርሱ ተሰባስቦ ወደ ሴሉ ሽፋን ይጠጋና ኦራይ 1ን፣ ማለትም ክራክ ቻናል የሚሠራበትን ፕሮቲን፣ ይከፍታል። ውጭ ያለው ካልሲየም ከውስጡ ከ10,000 እጥፍ በላይ ነውና ይጎርፋል። የውስጡ መጠን ከ100 ናኖሞላር ገደማ ተነስቶ ወደ 1 ማይክሮሞላር ይጠጋል።

ጎርፉ ቶሎ ከቆመ ግን ዋጋ የለውም። ካልሲየሙ ካልሲኒዩሪን የተባለውን ኢንዛይም ያነቃል፣ ካልሲኒዩሪን ጂን ከሚያስነሳው ኤንፋት ከተባለ ፕሮቲን ላይ ፎስፌቱን ያነሳል፣ ኤንፋት ኒውክለስ ገብቶ ቲ ሴሎችን የሚያባዛውን የኢንተርሉኪን 2ን ጂን ያስነሳል። ካልሲየሙ ሲቋረጥ ኤንፋት ተመልሶ ይወጣል። ለፈተና ይቺን ያዢ።

ይህ በር በእውነት ሲዘጋ ምን እንደሚመስልም ይታወቃል። እ.ኤ.አ. በ2006 የኦራይ 1 ጂን የተለየው ከባድ የበሽታ መከላከል ጉድለት ይዘው በተወለዱ ሕፃናት ነው። 91ኛው አሚኖ አሲድ ተቀይሮባቸው ቻናሉ አይሠራም። ቲ ሴላቸው በቁጥር ደህና ነው፣ ግን አይነቃም። እንዲህ ያሉ ልጆች ከባድ ኢንፌክሽን ይደጋገምባቸዋል፣ ጡንቻቸው ይላላል፣ የጥርሳቸው ኢናሜል ይበላሻል፣ አያልባቸውም። የእናትሽ ጉንፋን ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ኤል-ታይፕ ቻናል በቲ ሴል ላይም አለ ያሉ ቤተ ሙከራዎች አሉ፤ ሥራው ግን አሁንም ያከራክራል። መድኃኒት የሚያስቆም ነገር አይደለም።

ሰለሞን (ፋርማሲስት)
በረከት በደንብ አስረድቶታል። ያንን መንገድ በእርግጥ የሚዘጉት ታክሮሊመስና ሳይክሎስፖሪን ናቸው። ካልሲኒዩሪንን ይይዛሉ፣ ስለዚህም ነው አካል ለተተከለለት ሰው የሚሰጡት።

እግሯ ያበጠው ከአምሎዲፒን ሊሆን ይችላል፣ በ10 ሚሊ ግራም የተለመደ ነው። መድኃኒቱ ደም ወሳጆቹን ትናንሽ ሥሮች ያሰፋል፣ ደም መላሾቹን ግን ያን ያህል አያሰፋም፤ ስለዚህ ፈሳሹ ተገፍቶ ይወጣል። በዚህ ምክንያት የሽንት መድኃኒት ብዙም አይረዳም። ሐኪሟ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ኢናላፕሪል የተባለ ሌላ የግፊት መድኃኒት ሊጨምር ይችላል። አንድ እግር ብቻ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ቀጠሮ አትጠብቁ።

የካልሲየም ክኒኑን ተዉት። የደም ካልሲየምን የፓራታይሮይድ ሆርሞንና ቫይታሚን ዲ ጠብቀው ይይዙታል፤ ክኒን መዋጥ ቲ ሴል አያነቃም። ሲበዛ ደግሞ የኩላሊት ጠጠር ያመጣል።

ዳዊት
ጣልቃ ልግባ፣ ወንድሜ ኩላሊት ተተክሎለት ታክሮሊመስ ይወስዳል። አሁን ሌላ ክሊኒክ ለግፊት ዲልቲያዜም ጻፉለት። እሱም ካልሲየም ቻናል ዘጊ ነው አይደል?

ሰለሞን (ፋርማሲስት)
ዳዊት፣ ያንተ ይበልጥ ያስቸኩላል። ዲልቲያዜም ታክሮሊመስን በጉበት የሚሰባብረውን ኢንዛይም ስለሚያዳክም ታክሮሊመሱ በደም ውስጥ ይከማቻል፣ የተተከለውንም ኩላሊት ሊጎዳ ይችላል። ቬራፓሚል የተባለው ሌላ የካልሲየም ቻናል ዘጊም እንደዚሁ ነው። ከመጀመሩ በፊት ንቅለ ተከላውን ለሚከታተሉት ሐኪሞች ዛሬውኑ ደውሉ። እንስጥ ካሉ በደሙ ውስጥ ያለውን የታክሮሊመስ መጠን ይለካሉ። ደሙ የሚቀዳው ጠዋት ታክሮሊመሱን ከመዋጡ በፊት ነው፣ ይህን አትርሱ።

ዳዊት
አልጀመረም፣ አሁኑኑ እደውላለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።

ህሊና (ጠያቂ)
ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ሐሙስ ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ፣ የግፊቷን ቁጥር ይዤ ስለ ኢናላፕሪልም እጠይቃለሁ።

ሲስተር አልማዝ
ጎሽ። ኢናላፕሪል ከተጀመረላት ደረቅ ሳል ሊያመጣ ስለሚችል ጉንፋኑ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። ከንፈሯ ወይም ፊቷ ካበጠ ደግሞ መድኃኒቱን ሳትደግም ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት።