2 የሒሳብ መጽሐፍ ለ6 ቤተሰብ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ ጠባብ የሰፈር ቤተ መጻሕፍት አለን። ልጆቻቸውን ቤት የሚያስተምሩ 6 ቤተሰቦች ይጠቀሙበታል፤ ልጅ ይዞ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ድረስ መመላለስ ከባድ ነው። ለእነሱ 4 የመጽሐፍ ሳጥን አዘጋጀን፦ በእያንዳንዱ 15 መጽሐፍ፣ ለ3 ሳምንት ውሰት። ተረቱና ሳይንሱ በሰላም ይዞራል። የ5ኛ ክፍል ሒሳብ ያለበት ሳጥን ግን ሁሌ ይዘገያል፤ ተረት በሳምንት ያልቃል፣ መማሪያ መጽሐፍ መንፈቀ ዓመቱን ሙሉ ይፈለጋል። የመዘግየት ቅጣት ሞከርን፤ ሰዉ ጭራሽ መምጣት ተወ (ስህተቱ የእኛ ነው)። መማሪያውን አውጥተን «እዚሁ ይነበብ» አልን፤ ወንበራችን 8፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከትምህርት ቤት የሚመለሱት ይይዙታል። ያለን ቅጂ 2 ነው። መማሪያ መጽሐፍን ከሳጥን ለይታችሁ የምታውሱ፣ ተራውን በቀን ነው ወይስ በምዕራፍ የምትከፋፍሉት?