ክርክር፦ አገር በሐዘን ላይ እያለ የማኅበር ድግስ ይቅር ወይስ ይቀጥል?

የቡልጋ ልጅ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ደብረ ብርሃን ላይ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ማኅበር አለን። የነሐሴ 24ን ዝግጅት ልንመክር ተቀምጠን ለሁለት ተከፈልን። ከፊሉ «አገር እንዲህ እያለቀሰ እንጀራ ቆርሶ ጠላ መጠጣት ነውር ነው፤ ሰላም እስኪወርድ ጸሎት አድርሰን እንበተን፣ መዋጮው ለተፈናቃይ ይሰጥ» አለ። ከፊሉ ደግሞ «ከአባቶቻችን የተቀበልነው ጽዋ በእኛ እጅ አይቋረጥም» አለ። ሙሴያችን (የማኅበሩ አለቃ) እስከ እሑድ አስቡበት ብለውናል። ጉዳዩ በየአጥቢያው እየተነሣ ስለሆነ ሰፋ አድርገን ብንከራከርበት ብዬ ነው።

እኔ ይቀጥል ከሚሉት ነኝ። ጻድቁ የተወለዱት እዚሁ ቡልጋ፣ ኢቲሳ ነው። ወላጆቻቸው ጸጋ ዘአብና እግዚእ ኀረያ የቅዱስ ሚካኤልን ዝክር የሚያዘክሩ ሰዎች ነበሩ። ገድላቸው እንደሚነግረን ጻድቁ ገና ሕፃን ሳሉ በአገሩ ረኃብ ገባ፤ የዝክሩ ቀን ሲደርስ ቤት ውስጥ የሚበቃ ዱቄት ስለጠፋ ወላጆች አዘኑ። ሕፃኑ የቀረችውን ጥቂት ዱቄት ባረኩ፣ ዱቄቱ ተትረፈረፈ፣ ዝክሩም ተደረገ። እግዚአብሔር በዚያ ረኃብ መካከል «ዘንድሮስ ይቅርባችሁ» አላላቸውም፤ ማዕዱን ሞላላቸው።

ደግሞስ እስከ መቼ ነው የምናቆመው? በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ገባ። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያለውን ሁላችንም እየኖርነው ነው። ሰላም እስኪወርድ ካልን፣ በዚህ መሀል የተወለዱ ልጆቻችን በእግዚአብሔር ቤት ደስ መሰኘት ምን እንደሆነ ሳያዩ ያድጋሉ።

መምህርቷ ከአንጎለላ

ወንድሜ፣ የጻፍከውን በአክብሮት አነበብሁት፤ ግን አልስማማም።

በእኛ አገር ጎረቤት ሐዘን ከተቀመጠ ሠርግ ይተላለፋል፤ ከበሮ አይመታም። ይህን ያስተማሩን እናቶቻችን ናቸው፤ ማንም ሕግ አላወጣልንም። እስኪ ንገረኝ፣ ዛሬ ሐዘን ያልተቀመጠ ጎረቤት የት አለ? ከማስተምራቸው ልጆች መካከል አባቱን የቀበረ አለ፤ አባቱ የት እንደደረሰ የማያውቅም አለ። ሁለተኛው ከፊተኛው ይብሳል፤ ማልቀስ እንኳ አልተፈቀደለትም። እንዲህ ያለ ልጅ ባለበት አጥር ማዶ «ሁልጊዜ በጌታ ደስ ይበላችሁ» የሚለውን ቃል ይዤ እልል ልል አልችልም። ያው መጽሐፍ «ወደ ግብዣ ቤት ከመሄድ ወደ ልቅሶ ቤት መሄድ ይሻላል» ይላል። ወደ ባቢሎን የተማረኩትም መዝሙር ዘምሩልን ሲባሉ በገናቸውን ሰቅለው አለቀሱ እንጂ አልዘመሩም።

ስለ ገድሉ ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። እነዚያ ወላጆች ያዘኑት ለሚካኤል ስም የሚያበሉት ስለጠፋባቸው ነው፤ ጽዋ ቀረብን ብለው አይደለም። ዝክሩ የነዳያን ነበር። የእኛን ማኅበር ደግሞ ተመልከተው። ማኅበርተኛው ይጠግባል፣ የተጋበዘው ዘመድ ይጠግባል፣ ነዳያን በስተመጨረሻ በር ላይ ተሰልፈው የተረፈውን ይቀበላሉ። ያንን ልማድ ከእነእግዚእ ኀረያ ዝክር ጋር በአንድ ስም ልንጠራው አይገባም።

ዲያቆን ዘጣርማበር

እህቴ፣ ስለ ነዳያን ያልሽው እውነት ነው፤ ብዙዎቻችን ልናፍርበት የሚገባ ነው። «ሐዘን ስላለ ደስታ ይቁም» የሚለው ላይ ግን ልሟገት።

ቤተ ክርስቲያን የሐዘንንም የደስታንም ጊዜ ሠርታ አስቀምጣለች። በዐቢይ ጾም ከበሮና ጸናጽል ዝም ይላሉ፤ በሰሙነ ሕማማት ሌት ተቀን ስግደት ነው። ትንሣኤ ሲመጣ ደግሞ በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም። ቤቱ ሐዘን የገባበት ሰው በትንሣኤ ሌሊት «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» ሲባል አብሮ ይመልሳል። ማንም የልቡን ስሜት ጠይቆ አያስመልሰውም። ሰው ብቻውን ሊደሰት የማይችልበት ቀን ስለሚመጣ ነው በዓል በማኅበር የሆነው። የተለየ መከራ ሲመጣም አባቶች ምህላ ያውጃሉ። በ2015 ዓ.ም. በነነዌ ጾም ጥቁር ልበሱ ሲባል ለብሰናል። ግን ያ ጾም ሦስት ቀን ነበር፤ ተፈጸመ፣ ጥቁሩን አወለቅን። መጨረሻ የሌለው የሐዘን ዐዋጅ በሥርዓታችን አላውቅም።

የደብረ ሊባኖስን ነገር አስቡት። በ1929 ዓ.ም. የግንቦት 12ን የጻድቁን በዓለ ፍልሰት (ዐፅማቸው የፈለሰበትን ቀን) ለማክበር የተሰበሰቡትን መነኮሳትና ምእመናን የግራዚያኒ ወታደሮች ጨፈጨፏቸው። ወጣቶቹን ዲያቆናት ወደዚሁ ወደ ደብረ ብርሃን አካባቢ አምጥተው ረሸኗቸው። ግራዚያኒ ራሱ 449 ሰው ማስገደሉን ለሮም አስታውቋል፤ በኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ከ1,400 በላይ ያደርሰዋል። ከዚህ የበለጠ በዓሉን ለማስቀረት የሚያበቃ ምን ምክንያት ይመጣል? ግንቦት 12 ግን ዛሬም ይከበራል፣ ምእመኑም ከየአገሩ ይጎርፋል። የተገደሉትን መርሳት ሆኖ አልታየንም፤ ፋሺስቱ በዓላችንን ይዞት እንዳይሄድ ነው።

ደግሞ ጳውሎስና ሲላስን አንርሳ። በፊልጵስዩስ ተገርፈው፣ እግራቸው በግንድ ተጠርቆ፣ በመንፈቀ ሌሊት በዜማ ያመሰግኑ ነበር። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ምድር ተናውጦ ደጆቹ ሲከፈቱ ወኅኒ ጠባቂው እስረኞቹ ያመለጡ መስሎት ራሱን ሊገድል ሰይፉን መዘዘ፤ ጳውሎስ ግን «ሁላችን እዚህ አለን፣ በራስህ ክፉ አታድርግ» ብሎ ጮኸ። በጨለማ ውስጥ ሲዘምር የነበረ ሰው ነው የጠባቂውን ጭንቀት ያየው። በዚያችው ሌሊት ሰውዬው ቁስላቸውን አጠበ፣ ቤቱ አስገብቶ ማዕድ አቀረበላቸው፣ ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር ሐሤት አደረገ። የክርስትና ደስታ የሚባለው ለእኔ ይህ ነው። የሌላውን ቁስል ካላየ ግን፣ መምህርት፣ ያንቺ ክስ ልክ ነው።

ነጋዴው ከሸዋ ሮቢት

ዲያቆን፣ ስለ ደብረ ሊባኖስ ያነሣኸውን ገልብጬ ላንሣው። ጠላት በዓሉን የመረጠው ሕዝቡ እንደሚሰበሰብ ስላወቀ ነው። ያዕቆብ በመልእክቱ ፈተናን እንደ ሙሉ ደስታ ቁጠሩት ካለ በኋላ ወዲያው «ጥበብ የጎደለው እግዚአብሔርን ይለምን» ይላል። ደስታውን ወስደን ጥበቡን ብንተወው ግማሽ ቃል ነው የያዝነው።

ጥበቡ ምን ይላል? አንደኛ ነገር ሰዓት ነው። ማኅበር እንደ ድሮው እስከ ምሽት አይቆይም፤ በጊዜ ተጀምሮ በጊዜ ያልቃል፣ ሰው በቀን ብርሃን ቤቱ ይገባል። መንገድ የሚዘጋጋበት ወቅት ስለሆነ ከገጠር ዘመድ መጥራትም ይቅር፤ በእኛ ጥሪ የወጣ ሰው መንገድ ላይ አንድ ነገር ቢሆን ለቤተሰቡ ምን ብለን እንመልሳለን?

ሌላው ብድር ነው። ተራው የደረሰ ሰው ከጎረቤት ላለማነስ በሬ ጥሎ፣ ዕዳ ገብቶ፣ ዓመት ሙሉ ሲከፍል አይቻለሁ። ነሐሴ ደግሞ የገበሬው ጎተራ የሚራቆትበት፣ እህል የሚወደድበት ወር ነው። በዕዳ የተደገሰ ድግስ ለጻድቁ ክብር ነው ቢባል አላምንም።

እትዬ ከጠባሴ

ልጆቼ፣ እኔ እንደናንተ ጥቅስ አልደረድርም። ጠላ ጠምቄ፣ ድፎ ዳቦ ደፍቼ ነው ልጆቼን ያሳደግሁት። የምሠራው ለማኅበርና ለክርስትና ነው። ድግስ ይቅር ሲባል መዋጮው በቀጥታ ለተቸገረ ሄደ ትላላችሁ፤ የእኔና የመሰሎቼ ቤት መቸገሩን ግን ማንም አልቆጠረው። የጌሾ ነጋዴዋ አለች፣ እንጨት ተሸክማ የምትሸጠው አለች፣ እንጀራ የምትጋግረው አለች። እኛ ምጽዋት አልጠየቅንም፤ ሥራችን አይቅር ነው የምንለው።

ደግሞ እውነቱን ልናገር፤ «ሰላም እስኪወርድ» ተብሎ ከተበተኑት ማኅበራት መዋጮውን ለተፈናቃይ አውጥቶ ሲሰጥ ያየሁት ጥቂቱን ነው። ድግሱ ቀረ፣ ምጽዋቱም ቀረ፣ ሰዉም መጠያየቁን ተወ።

የወንጌላውያን አማኝ፣ ደብረ ብርሃን

የናንተ ማኅበር ውስጥ ባልኖርም ጥያቄው የእኛም ነው። በእኛ ዘንድ ያለው ችግር በሌላ በኩል ነው። አንዳንድ መድረክ ላይ «አትዘን፣ ድል በድል ነህ» እየተባለ ሰው እንዳያለቅስ ይከለከላል። ልጇን ያጣች እናት ፈገግ ካላለች እምነቷ ይጠረጠራል። ኢየሱስ በአልዓዛር መቃብር ሊያስነሣው እንደሆነ እያወቀ አለቀሰ፤ እንባ ከእምነት ጋር የሚጣላ ቢሆን ኖሮ እርሱ ባላለቀሰ። ለልቅሶ ቦታ የማይሰጥ ደስታ ሰውን ያደክማል፤ እህታችን መምህርቷ የምትፈራው ይህንን ከሆነ አብሬያት ነኝ።

ከወለጋ የመጣሁት

ስለ እኛ ስለምትነጋገሩ እኔም ልጻፍ። ደብረ ብርሃን መጠለያ ውስጥ ከልጆቼ ጋር ነው ያለሁት።

ገንዘቡን አንፈልገውም ብዬ አልዋሽም። ጣራችን ላስቲክ ነው፤ የነሐሴ ዝናብና የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ስለዚህ ማንም «እነሱ የሚፈልጉት ፍቅር ብቻ ነው» እንዳይል።

ግን ልዩነት አለው። አንድ ጊዜ የሆኑ ሰዎች ዳቦና ልብስ ይዘው መጡ፤ አሰልፈውን፣ ፎቶ አንሥተው ሄዱ። ዳቦውን በላነው፤ እግዚአብሔር ይስጣቸው። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲት እናት ከነልጆቼ ማኅበሯ ላይ ጠራችኝ። በር ላይ አልቆምሁም፤ ምንጣፉ ላይ ከማኅበርተኛው ጋር ተቀመጥሁ። አገርሽ ምን ማኅበር ነበረሽ አሉኝ። የማርያም ነበረኝ፤ ወር በገባ በ21። ማኅበርተኞቼን በየስማቸው ነገርኋቸው፤ ካህኑም በሕይወት ያሉትን በጸሎት፣ የሞቱትን በፍትሐት አሰቡልኝ። አገሬን ከለቀቅሁ ወዲህ ስለ እነዚያ ሰዎች ሲጸለይ የሰማሁት ያን ቀን ነው። አለቀስሁም፣ ደስም አለኝ፤ ሁለቱን ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም።

መምህርት፣ እኔ ሐዘንተኛዋ ነኝ። ለእኔ ብለሽ ማኅበርሽን አትበትኚ። የእኔ ማኅበር ተበትኗል፤ ሳይፈልጉት የተበተነ ማኅበር ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

መምህርቷ ከአንጎለላ

እህቴ፣ ቃልሽን ተቀብያለሁ፤ ለአንቺ የምመልሰው ክርክር የለኝም። ማኅበሩ ይበተን የሚለውን ትቻለሁ። ከበሮውንና እልልታውን ግን አልተውኩም። አንቺ ፈቅደሻል፤ በግድግዳ ማዶ ያለችው፣ ትናንት መርዶ የሰማችው አልፈቀደችም። እርሷን ሳይጠይቁ መምታት አይገባም እላለሁ።

ዲያቆን ዘጣርማበር

በዚህ እስማማለሁ። የማኅበር ጸሎት ያለ ከበሮ ይደርሳል፤ መልክአው ተደግሞ፣ መዝሙሩ በለሆሳስ ተዘምሮ ምንም አይጎድልበትም። የከበሮው ቦታ ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እዚያ ለበዓሉ ይመታል።

የቡልጋ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነህምያ ምዕራፍ 8 ላይ ሕዝቡ ሕጉ ሲነበብ ሰምቶ ሲያለቅስ የተነገረው ቃል ከትናንት ጀምሮ ከልቤ አልወጣም፦ «ሂዱ፥ የሰባውንም ብሉ፥ ጣፋጩንም ጠጡ፥ ለእነዚያም ላልተዘጋጀላቸው እድል ፈንታቸውን ስደዱ»። ቀጥሎም «የእግዚአብሔርም ደስታ ኃይላችሁ ነውና አትዘኑ» ይላል። መጨረሻውን ብዙ ጊዜ እንጠቅሰዋለን፤ መካከሉን እንዘለዋለን።

ለእሑድ የማቀርበው ይህ ነው። በሬው ይቅር። መዋጮው እኩል ይከፈል፤ ግማሹ ለዝክሩ፣ ግማሹ ለመጠለያው ጣራ ይዋል፤ ያለ ፎቶ። ተረኛው ከኪሱ አይጨምር፣ አይበደርም። ዘመድ አይጠራ፤ በዘመድ ፈንታ እያንዳንዱ ማኅበርተኛ ከመጠለያው አንድ ቤተሰብ ይዞ ይምጣ፤ ምንጣፉ ላይ የሚቀመጡት እነሱ ይሁኑ፣ የምናስተናግደው እኛ። ከቅዳሴ መልስ ተጀምሮ በቀን ይለቅ። ከበሮ አይኖርም። ካህኑ ሲጸልዩም የእንግዶቻችንን ሙታን በየስማቸው ያስቡ።

ነጋዴው ከሸዋ ሮቢት

መልካም ነው። ግን «ግማሽ ለጣራ» የሚለውን በደንብ አስቡበት፤ በጥሬ ገንዘብ ይሁን ወይስ ሸራ ገዝታችሁ? ዝናቡ ከነሐሴ 24 በፊት ነው የሚከፋው፤ የጣራው ግማሽ የበዓሉን ቀን መጠበቅ የለበትም። በዚህ ሳምንት ይሰጥ።

እትዬ ከጠባሴ

ጠላው ሳይረጋ አይቀርብም፤ ጥንስሱ ቀን ይፈልጋል። እሑድ የወሰናችሁትን በዚያው ቀን አስታውቁኝ። ለሕፃናቱ ጠላ ስለማይሆን ቅንጬ እኔ እጨምራለሁ፤ የእርሱን ዋጋ አታስቡ።