የአስተያየት ሣጥኑ ቁልፍ አለቃችን ኪስ ውስጥ ነው

የሌሊት ፈረቃ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ማሸጊያ ክፍል ነው የምሠራው፤ 6ኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለፈው ወር የፈረቃ ፕሮግራማችን ተቀየረ። የሰማነው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በር ላይ ከተለጠፈ ወረቀት ነው። ልጅ ትምህርት ቤት የሚያደርሰው፣ ማታ የሚማረው፣ ሁሉም ተተረማመሰበት። አጉረመረምን። የት? ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ! ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ቅሬታ ያለው አለ?» ሲል ሁሉም ጫማውን ያያል።

እኔ ትንሽ ደፈር ብዬ «ማኅበር ብናቋቁምስ?» አልኩ። «ምን ያደርግላችኋል? የአስተያየት ሣጥን አለ፣ ወርኃዊ ስብሰባ አለ፣ ቢሮዬም ክፍት ነው» አለ። ቀጥሎም «አንተ ተግባቢ ነህ፤ በቃ አንተ ተወካያቸው ሁን» ብሎ እዚያው ሾመኝ። ሰዉ አጨበጨበ።

የሣጥኑ ቁልፍ ያለው እሱ ጋ ነው። የእጅ ጽሑፋችንን ደግሞ ከፈረቃ መዝገቡ ላይ ለይቶ ያውቀዋል። ስለዚህ ሣጥኑ ውስጥ ከከረሜላ ልጣጭ በቀር ምንም አይገኝም።

ሹመቱን ልቀበል ወይስ ልተው? ሰውየው ክፉ እንዳልሆነ ግን ያዙልኝ።

ጡረተኛው
ልጄ፣ እኔ 11 ዓመት የሠራተኛ ማኅበር ጸሐፊ ነበርኩ። ያ ጭብጨባ አምነውህ ይሁን ፈርተው አንተም አታውቅም። ችግሩ እዚያ ላይ ነው።

የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 135 የሠራተኛ ተወካይ የሚለው ማኅበሩ የመረጠውን ወይም ሠራተኛው ራሱ በነፃነት የመረጠውን ሰው ነው። በውክልናው ምክንያት ከሥራ እንዳይባረርም ጥበቃ ይሰጠዋል። አገርህ አጽድቆት እንደሆነ አጣራ። የ1949ኙ ቁጥር 98 ደግሞ አሠሪ በእጁ የሚያሽከረክረውን ማኅበር ማቋቋሙን ጣልቃ ገብነት ይለዋል።

አንድ ነገር ልንገርህ። መጀመሪያ ድርድር የገባሁ ቀን 23 ቅሬታ ጽፌ ነበር። አለቃው 4ኛው ላይ ሰዓቱን ማየት ጀመረ። በሚቀጥለው 3 ብቻ ይዤ ገባሁ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፣ ሁለታችንም ፈረምን። 2ቱ ተፈቱ። ካልተፈረመበት ግን ወሬ ሆኖ ይቀራል።

የክፍል ኃላፊ
እኔ ከወዲያኛው ወገን ነኝ፤ አትስደቡኝ። ሣጥን የሚናቅ ነገር አይደለም፤ የተሰበረ መብራትና የጎደለ ጓንት በሣጥን ይፈታል። ፈረቃ ግን አይፈታም። ጀርመን አገር ቢያንስ 5 ቋሚ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሁሉ ሠራተኞቹ ከፈለጉ የሠራተኞች ምክር ቤት መምረጥ ይችላሉ። ምርጫው በየ4 ዓመቱ ነው፤ ድምፁም ምስጢር ነው። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓትን አሠሪው ያለ ምክር ቤቱ ስምምነት አይቀይርም። ካልተስማሙ ወደ አስታራቂ ኮሚቴ ይሄዳሉ። የደመወዝ ድርድሩ ደግሞ በዋናነት የማኅበሩ ሥራ ነው።

እውነቱን ለመናገር ለእኔም ይሄ ይሻለኛል። ፕሮግራም ለጥፌ 40 ሰው ከሚያኮርፈኝ ቀድሜ ከአንድ የተመረጠ ሰው ጋር ብጨቃጨቅ ይቀለኛል።

ተቃጥያለሁ
ወንድሜ፣ እኔ ተመርጬ አይቼዋለሁ። «ከኋላሽ ነን» አሉኝ። አለቃው ፊት ቆሜ ዞር ስል ማንም የለም። የድሮ መርከበኞች አቤቱታ ሲያቀርቡ ስማቸውን በክብ ይፈርሙ ነበር፤ ማን መጀመሪያ እንደፈረመ እንዳይታወቅ። እኛም ሁለተኛው ጊዜ እንደዚያ አደረግን። 31 ፊርማ። ለማባረር ከየት ይጀምር?

የሌሊት ፈረቃ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ በተለይ እርስዎን። ትናንት ገብቼ «የምሆነው በምስጢር ድምፅ ከተመረጥኩ ነው» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ሌላ ሰው ቢመረጥስ?» አለኝ። «ያው እሱ ይሆናላ!» አልኩት። «እሺ፣ አርብ» አለ።

አሁን የድምፅ መስጫ ካርቶን እያዘጋጀን ነው። ቁልፍ የለውም፤ በፕላስተር ጥርቅም አድርገን እናሽገዋለን። ማሸጊያ ክፍል አይደለን እንዴ!