ለአደጋ ጊዜ የሬዲዮ በጎ ፈቃደኞች የሚሆን ዝግጁ ቦርሳ፦ በዋሽንግተን አካባቢ ምን እንግዛ፣ ከየትስ እንግዛ?

በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዲሲ የምትኖሩ፣ የአማተር ሬዲዮ ፈቃዳችሁን በቅርቡ ያገኛችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በአሜሪካ የአማተር ሬዲዮ ማኅበር ሥር ባለው አሬስ በተባለው የአደጋ ጊዜ አገልግሎት ወይም በካውንቲያችሁ የአደጋ ጊዜ የግንኙነት ቡድን ስትመዘገቡ ከሚጠበቅባችሁ ነገሮች አንዱ፣ ጥሪ ሲመጣ አንሥታችሁት የምትወጡትና ቢያንስ ለ24 ሰዓት የሚያገለግል ቦርሳ ማዘጋጀት ነው። ብዙዎቻችሁ የጠየቃችሁኝ የትኛው ሬዲዮ እንደሚሻል ስለሆነ እርሱንም አነሣለሁ፤ ነገር ግን ዋናው ጥቆማዬ ገንዘባችሁን ከሬዲዮው ይልቅ ለባትሪውና ለአንቴናው እንድታውሉት ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ምሽት አካባቢያችንን የመታው ኃይለኛ የነጎድጓድ ማዕበል በሰሜን ቨርጂኒያ የ911 ጥሪ እንዲቋረጥ ማድረጉን እዚህ የቆየን ሰዎች እናስታውሳለን። ለመቋረጡ ትልቁ ምክንያት መብራት ሲጠፋ በስልክ ማዕከላቱ የነበሩ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች አለመነሣታቸው ነበር። እንዲህ ያለ ትልቅ ተቋም በኃይል እጦት ከተዘጋ፣ እኛ በጀርባችን የምንሸከመው ትንሽ ጣቢያም በመጀመሪያ የሚፈተነው በዚያው በኩል ነው።

ስለ እጅ ሬዲዮ በአጭሩ ልናገር። ባውፌንግ ዩቪ-5አር በጣም ርካሽ ነው፤ ያኤሱ በተባለው አምራች አንድ ሬዲዮ ዋጋ ብዙ መግዛት ይቻላል። ለልምምድና ለመጠባበቂያ ይሁን እላለሁ። ጉድለቱ ተቀባዩ ጠንካራ የማስተላለፊያ ጣቢያዎች በበዙበት ከተማ በቀላሉ የሚደነቁር መሆኑ ነው፤ በመሀል ዲሲ ደግሞ እንዲህ ያሉ ጣቢያዎች ሞልተዋል። ያኤሱ ኤፍቲ-65አር በዚህ ረገድ የተሻለ ከመሆኑም በላይ መውደቅንና ዝናብን ይችላል፤ ስለዚህ አንድ ብቻ ለሚገዛ ሰው የምመርጠው እርሱን ነው። ኤፍቲ-60አርን በጥሩ ይዞታ ካገኛችሁት ግን አትለፉት፤ ስድስት የዶብል ኤ ባትሪ ድንጋይ የሚይዝ ተጨማሪ ቤት ስላለው፣ ቻርጅ ማድረጊያ በሌለበት መጠለያ ውስጥ ከማንኛውም ሱቅ በተገዛ ድንጋይ ሥራችሁን ትቀጥላላችሁ።

የትኛውንም ብትይዙ ያለ ኮምፒውተር በቁልፎቹ ብቻ ፍሪኩዌንሲ ማስገባት መቻል አለባችሁ። በስምሪት ጊዜ የሚሰጣችሁ ሪፒተር (መልእክታችሁን ተቀብሎ ርቆ እንዲሰማ መልሶ የሚያስተላልፍ ጣቢያ) ቀደም ብላችሁ ቺርፕ በተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከጫናችኋቸው ቻናሎች ውጭ ሊሆን ይችላል። በዩቪ-5አር ላይ ፍሪኩዌንሲውን ካስገባችሁ በኋላ በሜኑ 25 በማስተላለፊያውና በመቀበያው ፍሪኩዌንሲ መካከል ያለውን የልዩነት አቅጣጫ፣ በሜኑ 26 የልዩነቱን መጠን (በ2 ሜትር ባንድ ብዙውን ጊዜ 600 ኪሎኸርዝ፣ በ70 ሴንቲሜትር 5 ሜጋኸርዝ ነው)፣ በሜኑ 13 ደግሞ ሪፒተሩን የሚከፍተውን ቶን ትሞላላችሁ። ይህን በትንሽ ካርድ ጽፋችሁ፣ በፕላስቲክ ሸፍናችሁ ከሬዲዮው ጋር እሰሩት። በዚያው ካርድ ላይ፣ ያለ ሪፒተር ከሬዲዮ ወደ ሬዲዮ በቀጥታ ለመጠራራት የሚያገለግለውን 146.520 ሜጋኸርዝ እና ከ162.400 እስከ 162.550 ሜጋኸርዝ የሚሰማውን የአየር ሁኔታ ሬዲዮም ጨምሩበት።

አሁን ወደ ባትሪው ልምጣ። በመኪና የሚገጠም የአማተር ሬዲዮን በቦርሳ ይዞ በ20 ዋት የሚሠራ ሰው ሲያስተላልፍ 5 አምፒር፣ ሲያዳምጥ ግማሽ አምፒር ገደማ ይወስድበታል እንበል። ከሰዓቱ አንድ አሥረኛውን ቢናገርና ቀሪውን ቢያዳምጥ፣ በየሰዓቱ 1 አምፒር-ሰዓት ያህል ይበላል ማለት ነው። 12 ቮልት፣ 7 አምፒር-ሰዓት የሆነው የተለመደው የሊድ ባትሪ እንዳይጎዳ ከግማሹ በታች ሊወርድ ስለማይገባ ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ብቻ ያሠራችኋል፤ ክብደቱ ደግሞ ከሁለት ኪሎ በላይ ነው። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ግን አቅሙን ሁሉ ማለት ይቻላል ስለሚሰጥ፣ ባለ 9 አምፒር-ሰዓቱ ስምንት ሰዓት ያህል ያቆያችኋል፤ ያውም በቀለለ ሸክም። ባዮኤኖ (Bioenno) የተባለው አምራች ለዚህ ሥራ የሚመቹ መጠኖች ስላሉት እርሱን እጠቁማለሁ። ዋጋው ከሊድ ባትሪው በብዙ ይበልጣል፤ እኔ ግን የሚገባው ነው እላለሁ። ይህን ዓይነት ባትሪ ከዜሮ ዲግሪ በታች በሆነ ብርድ ቻርጅ ማድረግ እንደሚያበላሸው አትርሱ፤ ስለዚህ በጥርና በየካቲት ውጭ በቆመ መኪና ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ይቀመጥ።

የኤሌክትሪክ ማገናኛችሁ ሁሉ አንደርሰን ፓወርፖል ይሁን። በአሬስ ቡድኖች ዘንድ የተለመደው እርሱ ስለሆነ፣ የእናንተ ባትሪ ቢያልቅ የጎረቤታችሁ ባትሪ ያለ ምንም ማስተካከያ ይገጥማል። ስትሠሩት የሚጋጠመውን ፊት ወደ ራሳችሁ አዙራችሁ ምላሱ ወደ ላይ ሲሆን ቀዩ በቀኝ፣ ጥቁሩ በግራ መዋል አለበት። ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ሳታደርጉ ግን ምንም አታገናኙ።

ከሬዲዮው ጋር የሚመጣው አጭር የጎማ አንቴና ለቦርሳ አይበቃም። የምመርጠው ከጠፍጣፋ ባለ ሁለት ሽቦ ኬብል የተሠራውን ተጠቅላይ ጄ-ፖል ነው፤ 1.5 ሜትር ገደማ ርዝመት ኖሮት በኪስ ይገባል፤ በገመድ ከዛፍ ቅርንጫፍ ወይም ከመጠለያው ጣሪያ ላይ ሲንጠለጠል ባለ 5 ዋት ሬዲዮ የማይደርስበት ወደነበረው ሪፒተር እንዲደርስ ያደርገዋል። ስትገዙ የጫፉን ዓይነት ለዩ፤ በባውፌንጉ ሬዲዮ ላይ ያለው፣ አንቴናው የሚታሰርበት የኤስኤምኤ ጫፍ ወንዴ ሲሆን በኤፍቲ-60አሩ ላይ ያለው ሴቴ ስለሆነ የአንዱ አንቴና ለሌላው አይሆንም። የሁለቱንም መለወጫ መያዝ ከጥቂት ዶላር አይበልጥም።

ከየት እንግዛ ለምትሉ፣ ሬዲዮውን በዉድብሪጅ፣ ቨርጂኒያ ከሚገኘው የሃም ሬዲዮ አውትሌት መደብር ብትገዙ እመክራለሁ፤ በእጃችሁ ይዛችሁ፣ ቁልፎቹን ነክታችሁ፣ ጠይቃችሁ ትመርጣላችሁ። ኬብልና ማገናኛ በኢንተርኔት ማዘዝ ይቻላል። ባትሪን ግን፣ በተለይ ሻጩ የማይታወቅና ዋጋው ከመጠን በላይ ርካሽ ሲሆን፣ በኢንተርኔት ገበያ እንድትሞክሩት አልመክርም፤ ላዩ ላይ የተጻፈውን አምፒር-ሰዓት የማይሰጥ ባትሪ ለሌላ ሰው ሕይወት በሚያስፈልግ መልእክት መሀል ያቋርጣችኋል።

ወረቀትም ያስፈልጋል። መልእክት የሚጻፍበትን አይሲኤስ-213 እና የግንኙነት መዝገብ የሆነውን አይሲኤስ-309 ቅጽ አትማችሁ፣ ከእርሳስ ጋር ውኃ በማያስገባ ከረጢት ክተቱ፤ እርጥብ ወረቀት ላይ እስክሪብቶ አይጽፍም። የጆሮ ማዳመጫም አትርሱ፤ ሕዝብ በተጨናነቀበት መጠለያ የታማሚ ስም በድምፅ ማጉያ መሰማት የለበትም።

ለምግብ ከአሌክሳንድሪያና ከሲልቨር ስፕሪንግ ሱቆቻችን የሚሻል አላየሁም። በሶ በቀዝቃዛ ውኃ ይበጠበጣል፣ ዳቦ ቆሎና ቆሎ ሳይበላሹ ይቆያሉ፤ በጾም ወቅት ለተሰማራ ሰው ደግሞ መጠለያው የሚያቀርበው ምግብ ላይሆነው ይችላል። ውኃ ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን አንድ ጋሎን ያዙ።

ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ካልሞላላችሁ በዚህ ቅደም ተከተል ግዙ፦ አሁን ላላችሁ ሬዲዮ ተጨማሪ ባትሪ፣ ከዚያ ጄ-ፖሉና መለወጫው፣ ቀጥሎ የሊቲየሙ ባትሪ ከፓወርፖልና ከፊውዝ ጋር፣ የተሻለው ሬዲዮ በመጨረሻ።