ከባንክ ሒሳብ ወደ ሕፃናት መጻሕፍት ሥዕል፦ ከየት ልጀምር?

ጠያቂዋ (አዲስ አበባ)
ሰላም ለሁላችሁ። ባንክ ውስጥ በሒሳብ ሥራ ዓመታት አስቆጥሬአለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ እሥላለሁ። ማታ ለልጆቼ ተረት ስነግራቸው ጅቡንና ጦጣዋን ወረቀት ላይ እያሳየኋቸው ነው። አሁን የሕፃናት መጻሕፍት ሠዓሊነትን መተዳደሪያዬ ላደርገው ቆርጫለሁ። የሥዕል ትምህርት ቤት መግባት የግድ ነው? አይፓድ የለኝም፤ ያለሱ ይቻላል? ሥራ የሚሰጡትስ ምን አሳዪን ይሉኛል? የምታውቁ እባካችሁ አግዙኝ።

የመጻሕፍት ሠዓሊ
እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልነሳ፤ ዋናው እሱ ነውና። ቆንጆ ሥዕል የሚሥል ሰው ሞልቷል። ሥራ የሚሰጥሽ ሰው የሚፈልገው ግን ያቺው ልጅ ከገጽ ገጽ ያቺው ልጅ ሆና እንድትዘልቅ ነው። ሹሩባ የተሠራች ልጅ አንዱ ገጽ ላይ ትስቃለች፣ ሌላው ላይ ከጀርባ ስትሮጥ ትታያለች፣ ቀጥሎ ተኮራምታ ታለቅሳለች። በሦስቱም ላይ አንባቢው ሕፃን «እሷ ናት» ካላለ ታሪኩ ተበጠሰ።

ስለዚህ መጀመሪያ የገጸ ባሕርይዋን መመሪያ ወረቀት አዘጋጂ። ከፊት፣ ከጎን፣ ከኋላ ሣያት። ከእናቷ ጎን ስትቆም የት ድረስ ትደርሳለች? የሹሩባዋ መሥመር ስንት ነው? የቀሚሷ ጥለት የት ይጀምራል? ሁሉንም እዚያው ላይ ጻፊው። ሒሳብ የሠራ ሰው ለዚህ ዓይነቱ ጥንቃቄ አዲስ አይደለም።

ከዚያ አንድ አጭር ታሪክ ይዘሽ ሙሉውን ሥሪ። ታሪክ ከሌለሽ «አፍሪካን ስቶሪቡክ» እና የሕንዱ ፕራተም ቡክስ የሚያዘጋጀው «ስቶሪዊቨር» በተባሉት ድረ ገጾች ላይ በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ታሪኮች አሉ፤ የደራሲውን ስም ጠቅሰሽ ያንኑ ታሪክ በራስሽ ሥዕል እንደ አዲስ መሥራት ትችያለሽ። በተጨማሪም «ኦፕን ሃርትስ ቢግ ድሪምስ» የሚባለው ድርጅት ያሳተማቸውን «ሬዲ ሴት ጎ ቡክስ» የተባሉ የሕፃናት መጻሕፍት እያገላበጥሽ እያቸው። እንግሊዝኛውን ከአማርኛ፣ ከትግርኛ ወይም ከአፋን ኦሮሞ ጋር የያዙ ናቸው፤ ሥዕልና ጽሑፍ እንዴት ቦታ እንደሚካፈሉ ትማሪባቸዋለሽ።

ስለ ትምህርት ቤቱ፦ በ1950 ዓ.ም. በአለ ፈለገ ሰላም የተመሠረተው፣ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው ትምህርት ቤት ስንቱን ሠዓሊ አፍርቷል። መግባት ከቻልሽ እሰየው። ግን ለዚህ ሥራ ዲፕሎማሽን የሚጠይቅሽ የለም፤ ሥራሽን ነው የሚያዩት። አይፓዱንም ለጊዜው ተዪው። ኮምፒውተር ካለሽ ክሪታ የሚባለው ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ስክሪን የሌለው ርካሽ የሥዕል ታብሌት ይበቃዋል። ውኃ ቀለም ከወደድሽ ደግሞ ወረቀት ላይ ሠርተሽ ስካን ማድረግ ነው።

ከማተሚያ ቤት
እኔ ደግሞ የኅትመቱን ነገር ልንገርሽ፤ ብዙ ሠዓሊ እኛ ጋ ሲደርስ ነው የሚቸገረው። ትልቁ ወረቀት ሲታጠፍ 8 ወይም 16 ገጽ ይወጣዋል። የሥዕል መጻሕፍት ብዙ ጊዜ 24 ወይም 32 ገጽ የሚሆኑት ለዚህ ነው። ታሪክሽን ከመጀመሪያው በዚያ ልክ ከፋፍዪው። የርዕስና የአሳታሚ ገጾችም ከውስጡ መሆናቸውን አትርሺ።

ሥዕሉን በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) አድርጊው። ከጠርዙ ውጭ በየጎኑ 3 ሚሊ ሜትር ትርፍ ጨምሪ፤ ስንቆርጥ ነጭ መሥመር እንዳይቀር። በስክሪን የሚያበራው አረንጓዴና ሮዝ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በአራቱ የኅትመት ቀለሞች (ሲኤምዋይኬ) ቀድመሽ አረጋግጪ። ሁለት ገጽ የሚሸፍን ሥዕል ሲሆን የሰው ፊት መሐል እጥፋቱ ላይ እንዳይውል። ዐይን ወደ ስፌቱ ሲገባ በጣም ያስቀይማል።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ፊደሉን ሥዕሉ ላይ አትለጥፊው። ጽሑፉ ለብቻው በጥቁር ቀለም ብቻ ከሆነ፣ ያው መጽሐፍ በኦሮምኛ ወይም በትግርኛ ሲታተም የጥቁሩን ፕሌት (ጥቁሩን ቀለም የሚያትመውን ሰሌዳ) ብቻ መቀየር ይቻላል። አሳታሚ ይህን ስታውቂ ደስ ይለዋል።

የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት
እህቴ፣ እኔ ሥዕል አልችልም፤ ግን በየቀኑ ለልጆች አነባለሁ። ልጆች ጽሑፉን ስለማይችሉ ሥዕሉን ነው የሚያነቡት፤ ደግሞ ምንም አያልፋቸውም። አንድ ቀን ሳነብላቸው በመጀመሪያው ገጽ በሩ ላይ የነበረችው ዶሮ ቀጥሎ ጠፋች። ታሪኩ ስለ ዶሮ አልነበረም። አንዷ «ዶሮዋን ማን ወሰዳት?» ብላ አስቆመችኝ። ከዚያ ወዲያ ሁሉም ዶሮ ፍለጋ ገባ! እንደዚህ ያለ ነገር ከሣልሽ እስከ መጨረሻው አድርሺው።

ደግሞ ቤታችንን ሣዪልን። ረከቦቱን፣ የፕላስቲክ ጄሪካኑን፣ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ፣ ታክሲ ውስጥ እናቱ ጭን ላይ የተቀመጠውን ልጅ። የከተማ ልጆቻችን መጻሕፍት ላይ ራሳቸውን ሲያገኙ ፊታቸው ይበራል። ረቂቅሽን ይዘሽ ሰፈርሽ ያለ መዋዕለ ሕፃናት አስፈቅጂና አንብቢላቸው። የት ላይ እንደሚሰለቹ ወዲያው ታያለሽ።

ጠያቂዋ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ብዙ ነገር ገለጣችሁልኝ። የክፍያውንና የውሉን ነገርስ እንዴት ታደርጉታላችሁ? ሥራውን አሁን ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

ጡረታ የወጡ የመጻሕፍት አዘጋጅ
ልጄ፣ ደመወዝሽን ይዘሽ ቆዪ። ማታና ቅዳሜን ለሥዕሉ ስጪ። የሕፃናት መጽሐፍ ገበያችን ጠባብ ነው። ሠዓሊ የሚቀጥሩትም ብዙ ጊዜ ድርጅቶች፣ ትምህርት ቤቶችና በራሳቸው ወጪ የሚያሳትሙ ደራሲያን ናቸው። ሥራው በተከታታይ ሲመጣ ያኔ ትወስኛለሽ።

ውል ሳትፈርሚ እርሳስ አታንሺ። ስንት ሥዕል፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ፣ መቼ እንደሚረከቡ ይጻፍ። ክፍያውን ሦስት ቦታ ከፋፍዪው፦ ስትጀምሪ ቀብድ፣ የእርሳሱ ንድፍ ሲጸድቅ፣ ሲያልቅ። ቀለም ከመቀባትሽ በፊት ንድፉን አስፈርሚያቸው። ከቀለም በኋላ «ልጅቷን ወንድ አድርጊልን» ሲመጣ ያ ፊርማ ነው የሚያድንሽ።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሥራሽ ባትመዘግቢውም ጥበቃ አለው። ግን ውሉ ላይ ምን እንደሸጥሽ ለይተሽ አስጽፊ፦ ለአንድ እትም ነው? ለሁሉም ቋንቋ? ለቴሌቪዥንና ለመጫወቻስ? ዋናውን ሥዕል ማን ይይዛል? ስምሽም ሽፋኑ ላይ ከደራሲው ጋር ይውጣ፤ ይህን አስቀድመሽ ጠይቂ። የጀመርሽው ታሪክ ንድፍ ሲያልቅ እዚህ አምጪው፤ ገጽ በገጽ አብረን እናየዋለን።