አስቸኳይ፦ ደንበኛዬ መልስ እየጠበቁ ነው፣ አለቃዬ «ዝም በይ» ብሎኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?

ሽያጭ ሲኤምሲ፦
ሰላም ወገኖች፣ ፈጠን ያለ ምክር እፈልጋለሁ። ሪል ስቴት ሽያጭ ላይ ነው የምሠራው። ቨርጂኒያ የሚኖሩ አንድ ደንበኛ አሉኝ፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ሌሊት በዋትስአፕ ረጅም መልእክት ልከውልኛል። «እስከ ነገ ማታ ግልጽ መልስ ካልሰጣችሁኝ ቀጣዩን ክፍያ አልከፍልም፤ ወንድሜም ጠበቃ ይዞ ቢሮአችሁ ይመጣል» ይላል መጨረሻው። ከፍቼ አንብቤዋለሁ፣ ማንበቤንም አይተዋል። አለቃዬ ደግሞ «ማኔጅመንቱ እስኪወስን ምንም አትመልሺ» አለኝ። ከሰዓት በኋላ ከእንቅልፍ ይነሣሉ። ከዚያ በፊት የሆነ ነገር መላክ አለብኝ። እንዳይቆጡ አድርጌ ምን ልበላቸው?

ቀጥታ መስመር፦
ደውዪላቸው። ጽሑፉን ተይው። ድምፅሽን ሲሰሙ ይበርዳሉ።

ቦሌ አራብሳ፦
ቆይ፣ የጠየቁት ምንድን ነው? ርክክብ ነው? የካሬ ጉዳይ ነው? የዋጋ ጭማሪ ነው? እሱን ሳትነግሪን ምን ብለን እንምከርሽ?

የድሮ ደላላ፦
ልጄ፣ እኔ ይህን ሥራ የጀመርኩት ሞባይል በሌለበት ዘመን ነው። ደንበኛ ሲፈልገን ሻይ ቤታችን ድረስ ይመጣ ነበር፤ መደበቂያ አልነበረንም። የዛሬ ሻጮች ቤቱ እስኪሸጥ ድረስ ጠዋት ማታ ትደውላላችሁ። «ጋሼ እንዴት አደሩ፣ ጋሼ ልጆች ደኅና ናቸው» ትላላችሁ። ቅድመ ክፍያው ከገባ በኋላ ግን ስልካችሁ አይነሣም። ሰውየው ያንን ልዩነት አይቶታል። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እዚህ ያለው ቅዳሜ ጠዋት ታክሲ ይዞ ሄዶ ሕንፃውን በዓይኑ ያያል። እሳቸው ያላቸው መስኮት አንቺ ብቻ ነሽ። ሌሊት ታክሲ ነድተው ያጠራቀሙት ገንዘብ ሊሆን ይችላል። መኖሪያ ሊሆናቸው፣ ለጡረታቸው ሊመለሱበት አስበውት ይሆናል። ይህን ሳታስቢ የምትጽፊው ቃል ሁሉ ባዶ ነው። መጀመሪያ ልብሽን አስተካክዪ፣ ቃሉ ራሱ ይመጣል።

ቀጥታ መስመር፦
ጋሼ እንዳሉት። ለዚህ ነው ደውዪ ያልኩት።

ሽያጭ ሲኤምሲ፦
ይቅርታ፣ ስለቸኮልኩ ነው። ርክክብ ነው። 8ኛ ፎቅ፣ ባለ 2 መኝታ። ውሉ ላይ ያለው ቀን አልፏል። ሊፍቱ አልገባም፣ ፊኒሺንጉም አላለቀም። ባለፈው ደውለው ሲጠይቁ ከሳይት «በ12ኛው ወር ያልቃል» ተብሎ ተነገራቸው። ሳይቱ ዲሴምበር ማለቱ ነበር። እሳቸው ነሐሴ ብለው ያዙት። ይኸው ነሐሴም ጳጉሜም አለፈ፣ መስከረም ላይ ነን። «ሁለተኛ ጊዜ ዋሻችሁኝ» ነው የሚሉት። ቀጣዩ ክፍያም ደርሷል። ክፍያው ከርክክቡ ጋር ይራዘም ወይ ብለው ጠይቀዋል፤ እሱን ነው ማኔጅመንቱ ይወስን የተባለው።

ፒያሳ ልጅ፦
«መንገድ ላይ ነኝ» የሚልህ ሰው ገና ሻወር ቤት ነው። «ፊኒሺንግ ላይ ነው» የሚልህ ደግሞ ገና ብሎኬት እየደረደረ ነው 😄
ቀልዱን ልተወውና፣ ሰዓቱን አስቢ እህቴ። ቨርጂኒያ አሁን ከእኛ 7 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። እዚህ ከሰዓት 8 ሰዓት ሲሆን እዚያ ጠዋት 1 ሰዓት ነው። በኅዳር መግቢያ አካባቢ ሰዓታቸውን ሲቀይሩ ልዩነቱ 8 ይሆናል። ስትቀጥሪያቸው «በ3 ሰዓት» ብለሽ ብቻ እንዳትጽፊ። የማን 3 ሰዓት? በእኛ አቆጣጠር ነው በእነሱ? ከ12ኛው ወር ቀጥሎ ሌላ ጠብ እንዳይፈጠር።

ሜሪላንድ ነኝ፦
እኔ ገዢ ነኝ፣ ሻጭ አይደለሁም። ስለዚህ ከጥያቄሽ ልጀምር። «እንዳይቆጡ አድርጌ» ያልሽው ልክ አይደለም። መቆጣት መብታቸው ነው። ከፍለዋል፣ ቀኑ አልፏል፣ ቤቱ የለም። እንዳይቆጡ ብለሽ ከጻፍሽ የምትጽፊው ማባበያ ነው የሚሆነው። ማባበያ ደግሞ እዚህ አሜሪካ ሆነንም ይታወቀናል።
እኔም አዲስ አበባ ቤት ገዝቼ ርክክቡ ዘግይቶብኛል። መዘግየቱን እችለው ነበር። ያቃጠለኝ ፎቶ ላኩልኝ ስል የዲዛይኑን ሥዕል ሲልኩልኝ ነው፣ ያው ከመግዛቴ በፊት ያሳዩኝን። «እየተሠራ ነው፣ አያስቡ» ይሉኛል። እንዴት አላስብ? በኋላ ላይ አንዲት ልጅ ቢሮው ገባች። በየዓርቡ ሳይት ሄዳ ቪዲዮ ቀርጻ ትልክልኛለች። ምንም ያልተሠራበት ሳምንት ሲሆን «በዚህ ሳምንት ቤትዎ ውስጥ ሥራ የለም፣ ሠራተኞቹ ወደ ታችኛው ወለል ተወስደዋል» ትለኛለች። ደስ አይልም፣ ግን አምናታለሁ። ከዚያ በኋላ ሌሊት ተነሥቼ መልእክት መጻፍ ተውኩ።

ታዛዥ፦
አለቃሽ አትመልሺ ካለሽ አትመልሺ። እንጀራሽ ነው። ነገ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ «ማን ጻፊ አለሽ» ብለው አንቺን ነው የሚያስጠይቁት። እዚህ ያለነው ሁሉ ደመወዝሽን አንከፍልም።

ቦሌ አራብሳ፦
@ታዛዥ እና ዝም ብላ ደንበኛው ጠበቃ ይዞ ሲመጣ ማንን ነው የሚያስጠይቁት? ያኔም እሷን ነው።

ሽያጭ ሲኤምሲ፦
እኔም የፈራሁት እሱን ነው። ብመልስም ባልመልስም እኔ ላይ ነው የሚመጣው።

ጥቁር ካባ፦
ውሉን ስላላየሁ በጥቅሉ ነው የምናገረው። ሦስት ነገር ልብ በይ።
መጀመሪያ፣ የደንበኛውን መልእክት ተራ ቁጣ ነው ብለሽ አትለፊው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1772 መሠረት፣ ውል አልተፈጸመልኝም የሚል ወገን በቅድሚያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። በቁጥር 1773 ደግሞ ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ፣ ወይም ውሉ እንዲፈጸምለት መፈለጉን በሚያሳይ ሌላ ድርጊት ሊሰጥ ይችላል። ቀን ቆርጠው «እስከ ነገ» ብለው የጻፉት መልእክት እንደ ማስጠንቀቂያ ሊቆጠር ይችላል። ይህን ለአለቃሽ ንገሪው። ዝም ማለት ድርጅቱን የሚጠብቀው ከመሰለው ተሳስቷል።
ሁለተኛ፣ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት» የሚለውን ሐረግ ከራስሽ አውጥተሽ እንዳትጽፊ። ብዙ ሻጮች በልማድ ይጽፉታል። ሕጉ ላይ ጠባብ ትርጉም ነው ያለው። በቁጥር 1794 የጥሬ ዕቃ ዋጋ መጨመር፣ ውሉ ውስጥ በግልጽ ካልተስማሙበት በቀር፣ ከአቅም በላይ አይባልም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ብረቱም ሊፍቱም ሴራሚኩም ተወዷል፤ እውነት ነው። ግን ያ ብቻውን ከውል ነፃ አያወጣም። ምክንያቱን እንደ መረጃ ንገሪያቸው፣ እንደ መከላከያ አታቅርቢው።
ሦስተኛ፣ ወንድምየው ሲመጡ በአክብሮት ተቀበሏቸው። የውሉን ዝርዝርና የክፍያውን ታሪክ ከመስጠታችሁ በፊት ግን ውክልና ጠይቁ። አሜሪካ የተሰጠ ከሆነ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ አልፎ፣ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ፣ ሰነዶች ማረጋገጫ የተመዘገበ መሆን አለበት። ውክልና ከሌላቸው ደንበኛሽ ራሳቸው በጽሑፍ «ለወንድሜ አስረዱልኝ» ይበሉሽ።

ሳይት መሐንዲስ፦
ከመጻፍሽ በፊት ሳይት ደውዪ። «ሊፍቱ መቼ ይገባል?» ብለሽ አትጠይቂ፤ የማይጨበጥ መልስ ነው የሚሰጡሽ። «ሊፍቱ አሁን የት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ገና አልታዘዘም? መርከብ ላይ ነው? ጅቡቲ ነው? ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው? ሳይት ደርሶ ገጣሚ እየጠበቀ ነው? እነዚህ በወራት የሚለያዩ መልሶች ናቸው። ቀጥሎ ቋሚው መብራት ገብቷል ወይ በይ። ሊፍት ተገጥሞም ባለ 3 ፌዝ ኃይል ከሌለ አይፈተሽም፤ ትራንስፎርመር እየጠበቀ የሚቆም ሕንፃ ብዙ ነው።
«90 በመቶ አልቋል» የሚባለውን ደግሞ አትጻፊ። የቀረችው 10 በመቶ ናት ሰው የምታስለቅሰው። የሚታየውን ጻፊ። ሴራሚክ ሳሎን ገብቷል፣ ወጥ ቤት አልገባም። በር ተገጥሟል፣ ቀለም አልተቀባም። ከተቻለም ከግቢው በር ጀምረሽ እስከ 8ኛ ፎቅ፣ የራሳቸው ቤት ውስጥ እስክትገቢ ሳታቋርጪ ቅረጪ። የበሩ ቁጥር ይታይ። ደረጃውን በእግርሽ ስትወጪ ስለሚያዩ የሊፍቱን ነገር ደግመሽ ማስረዳት አይኖርብሽም።

ቀጥታ መስመር፦
ይሄ ሁሉ ሳያስፈልግ በቪዲዮ መደወል ነው።

ሽያጭ ሲኤምሲ፦
ሳይት ደወልኩ። ሊፍቱ ሞጆ ነው፣ ጉምሩክ አልጨረሰም። መብራቱ ገብቷል። ወጥ ቤትና መታጠቢያ ቤቱ ይቀራል። እሺ፣ አለቃዬ «አትመልሺ» ያለውን ምን ላድርገው? «መልእክቱ ደርሶኛል» ብቻ ብዬ ብልክስ?

እቴቴ ሾላ፦
እህት ዓለም፣ እኔ ከደንበኛ ጋር ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። «ደርሶኛል» ብቻ ካልሽ ይብስባቸዋል። አለቃሽን ሳታልፊ የምታደርጊው ይኸውልሽ። እሱ የከለከለሽ ስለ ቀኑና ስለ ክፍያው ነው። መልእክታቸውን እንዳነበብሽ፣ ሊፍቱ የት እንዳለ፣ መቼ እንደምትመልሽላቸው መናገር ውሳኔ አይደለም። ጽፈሽ ወረቀቱን ይዘሽ ግቢ፤ «ምን ልበል?» አትበዪው፣ «ይህን ልላክ?» በዪው። ሥራ የበዛበት ሰው የተጻፈ ነገር ሲያይ ይለሳለሳል። የጥቁር ካባንም ማስጠንቀቂያ አሳዪው።
እኔ ብሆን እንዲህ ነው የምጽፈው፦
«ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። መልእክትዎን ሙሉውን አንብቤዋለሁ። ከእኛ የሚፈልጉት ቤቱን መቼ እንደሚረከቡ፣ ሊፍቱ የት እንደደረሰና ቀጣዩ ክፍያ እስከዚያ ይቆይ እንደሆነ ማወቅ ነው፤ ያልገባኝ ካለ ያርሙኝ። ውሉ ላይ ያለው የርክክብ ቀን አልፏል፤ መጠየቅዎ ተገቢ ነው። «በ12ኛው ወር» የተባለው ዲሴምበርን ለማለት ነበር፤ ግልጽ ሆኖ ስላልተነገረዎት አዝናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሳይት ጠይቄያለሁ። ሊፍቱ ሞጆ ደረቅ ወደብ ነው፣ ጉምሩክ ገና አልጨረሰም። ቋሚ መብራት ገብቷል። ቤትዎ ውስጥ የቀረው ወጥ ቤቱና መታጠቢያ ቤቱ ነው፤ ቪዲዮውን ከዚህ ጋር ልኬልዎታለሁ። አዲሱን የርክክብ ቀንና የክፍያውን ጉዳይ የሚወስነው ማኔጅመንቱ ስለሆነ ዛሬ ልነግርዎ አልችልም። ሐሙስ መስከረም 15፣ በእናንተ ሴፕቴምበር 25፣ በቨርጂኒያ ሰዓት ከጠዋቱ 9፡00፣ በአዲስ አበባ ከቀኑ 10 ሰዓት እደውልልዎታለሁ። እስከዚያ ባይወሰንም እደውላለሁ።»

ሜሪላንድ ነኝ፦
እቴቴ እጅሽ ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ። «ማኔጅመንቱ» ለእኛ ማንም ማለት ነው። የሚወስነው ሰው ማን ነው? የሽያጭ ኃላፊው ከሆነ በማዕረጉ ይጠቀስ። ሐሙስ ስትደውዪም እሱ መስመሩ ላይ ቢኖር ጥሩ ነው። ልጅቷን ከፊት አስቀምጦ ኃላፊው ከኋላ ሲደበቅ ነው ሰው ጠበቃ የሚፈልገው።

ቀጥታ መስመር፦
ይኸው፣ መጨረሻው መደወል ሆነ።

ጥቁር ካባ፦
ሁለቱም ያስፈልጋል። ደውዪ፣ ከዚያ የተነጋገራችሁትን በዚያው ቀን አጠር አድርገሽ ጻፊላቸው። «ዛሬ በስልክ የተነጋገርነው ይህ ነው» ብለሽ። የ12ኛው ወር ጣጣ የመጣው በስልክ የተባለውን ማንም ስላልጻፈው ነው።

ሽያጭ ሲኤምሲ፦
አሳየሁት። አነበበው። «የሊፍቱን ነገር አውጪው፣ ሌላው ይሁን» አለኝ። ላውጣው?

ሳይት መሐንዲስ፦
አታውጪው። 8ኛ ፎቅ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ሊፍት ነው። ወንድምየው ነገ መጥተው ያዩታል፣ ያኔ «ደበቃችሁኝ» ይባላል። ለአለቃሽ እንዲህ በዪው፦ ሞጆ መድረሱ እኮ ጥሩ ዜና ነው። ታዝዟል፣ ተገዝቷል፣ አገር ገብቷል። ገና አልታዘዘም ካለ ሕንፃ ጋር ሲነጻጸር ይሄ የሚያኮራ ነው።

እቴቴ ሾላ፦
እውነቱን ነው። ከ8 ሰዓት በፊት ላኪው፣ ሲነሡ ያግኙት። ሐሙስም አደራሽን ንገሪን፣ ምን እንዳሉ።

ጎፋ ገብርኤል፦
እኔ ኪራይ ነው የማስተዳድረው፣ ባለቤቷ ዱባይ ናት። የድምፅ መልእክት ነው የምልክላት፣ ጽሑፍ አልወድም። እሱስ ያስኬዳል?

ጥቁር ካባ፦
ለሰላምታና ለማብራራት ጥሩ ነው። ቀን፣ ብርና የክፍያ ጊዜ ያለበትን ግን በጽሑፍ ድገመው። ከሳምንት በኋላ እነዚያን ሁሉ ድምፆች እየከፈተች ቀኑን ስትፈልግ እንዳትውል።

ቦሌ አራብሳ፦
@ሽያጭ ሲኤምሲ ዓርብ ሆነ። ደወልሽ?